ሰው ያነሰው ዴፓርትማ

በ1789 ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ዣክ ጊዮም ቱሬ የተባለ የሩዋን ከተማ ጠበቃ በፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ ፊት ቆሞ አገሩን የዳማ ገበታ የሚያስመስል ዕቅድ አቀረበ። ፓሪስን ሳይጨምር ዴፓርትማ የሚባሉ 80 አራት ማዕዘን የአስተዳደር ክፍሎች ይኖራሉ፤ የእያንዳንዱ ጎን 18 ሊዩ፣ ማለትም ሰባ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። እያንዳንዱ ለዘጠኝ ይከፈላል፤ ዘጠኙም እንደገና ለዘጠኝ ይከፈላሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሸንጎው አባል ሚራቦ ተነሥቶ ተቃወመ። ክፍፍሉ በመሬት ስፋት ሳይሆን በሕዝብ ብዛት ይሁን፣ ቁጥሩም ወደ 120 ከፍ ይበል፣ ሰዉ የለመደው ነባር ድንበርም ይከበር ብሎ ተከራከረ። መሬት ይቆጠር ወይስ ሰው? ያ ሙግት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልተቋጨም። ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ሎዜር በምትባል ተራራማ ምድር ላይ ነው። ስፋቷ 5,167 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ነዋሪዋ ግን ከ76 ሺህ ብዙም አያልፍም። ከፈረንሳይ ዴፓርትማዎች ሁሉ ሰው ያነሰባት እሷ ናት። የዚህን ተቋም ታሪክ ማወቅ የፈለገ ከፓሪስ ይልቅ ከሎዜር ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከአብዮቱ በፊት ፈረንሳይ አንድ ንጉሥ እንጂ አንድ ሕግ አልነበራትም። ክፍላተ ሀገሩ በየራሳቸው ልማድ፣ በየራሳቸው ግብርና መስፈሪያ ይተዳደሩ ነበር። የጳጳሱ ግዛት ከዳኛው ግዛት፣ የዳኛው ከግብር ሰብሳቢው ጋር አይገጥምም። ኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት ሸንጎው የመኳንንቱን፣ የካህናቱንና የክፍላተ ሀገሩን ልዩ መብት በአንድነት ሲሽር አሮጌው ቤት ፈረሰ፤ አዲሱ ገና አልተሠራም ነበር። የቱሬ ገበታ እንዳለ አልጸደቀም። የየአካባቢው ተወካዮች ካርታ ዘርግተው ሲጨቃጨቁና ሲደራደሩ ሰንብተው በ1790 መጀመሪያ 83 ዴፓርትማዎችን አወጡ። ቀጥታው መስመር ቢጣመምም የቱሬ አሳብ ዋና ነገሩ ጸንቷል፦ ዴፓርትማዎቹ በስፋት ይቀራረባሉ፣ ዋናው ከተማም ለማንኛውም ዜጋ በአንድ ቀን የፈረስ መንገድ ውስጥ እንዲሆን ይታሰባል። የነባሮቹ ግዛቶች ትዝታ እንዲጠፋ ስሞቹ ከወንዝና ከተራራ ተወሰዱ። ቱሬ ራሱ የሥራውን ፍሬ ብዙ አላየም፤ በ1794 በአብዮቱ ጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ።

ሎዜር ከዚያ በፊት ዤቮዳን ትባል ነበር። የማንድ ከተማ ጳጳስ መንፈሳዊ አባት ብቻ ሳይሆን የዤቮዳን ኮንትም ነበር፤ በ1307 ከንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ጋር በተደረገ ውል ሥልጣኑን ከዘውዱ ጋር ተካፍሎ ይገዛ ነበር። ማንድ የጳጳሱ፣ ማርቬዦል የንጉሡ ከተማ ሆኑ። የአገሩ ሸንጎም ተራ እየጠበቀ አንዴ በአንዷ አንዴ በሌላዋ ይሰበሰብ ነበር።

አውሮፓ ዤቮዳንን ያወቃት ግን በአውሬ ምክንያት ነው። ከ1764 እስከ 1767 አንድ አውሬ፣ ምናልባትም ከአንድ የበለጡ፣ በአብዛኛው ከብት የሚጠብቁ ልጆችንና ሴቶችን እያጠቁ መቶ ያህል ሰው ፈጁ። ሉዊ 15ኛ ፈረሰኛ ጦር ላከ፤ ቀጥሎም የመሣሪያ ያዡን ፍራንሷ አንትዋንን ላከ። እሱም በ1765 አንድ ግዙፍ ተኩላ ገድሎ ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ፤ ሰው መበላቱ ግን ቀጠለ። ጁን 19 ቀን 1767 ነገሩን ያቆመው ዣን ሻስቴል የተባለ የአገሬው ሰው ነው። አውሬውን በተመለከተ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን አውሬው ምን ነበር በሚለው ላይ ይራቀቃል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከቤተ መንግሥት እየታዘዘ የመጣ ሁሉ አገሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጫካውን አያውቅም፣ ቋንቋውን አይሰማም፣ ሥራውን ጨረስኩ ብሎ ሲመለስም የቀረውን የሚከታተል ቋሚ ቢሮ የለም።

በደቡብ፣ በሴቬን ተራሮች፣ መንግሥት የታወቀው በባሰ መልክ ነው። በ1685 ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን የአምልኮ ነፃነት ከሻረ በኋላ የሴቬን ገበሬዎች በየዋሻውና በየዱሩ መጸለይ ያዙ። በጁላይ 1702 ፖን ደ ሞንቬር በምትባል መንደር ፕሮቴስታንቶችን እያሰረ ያሠቃይ የነበረውን የካቶሊክ ቄስ አቤ ዱ ሼላን ገደሉት፤ ካሚዛሮች የተባሉት የፕሮቴስታንት ዓመፀኞች ጦርነት ተቀጣጠለ። በቀጣዩ ዓመት የንጉሡ ጦር በሴቬን ከአራት መቶ በላይ መንደሮችና ጎጆዎች አቃጠለ። ሰሜኑ ካቶሊክ፣ ደቡቡ ፕሮቴስታንት የሆነበት ያ ክፍፍል ከምርጫ ሣጥን ሳይቀር ሲነበብ ኖሯል፦ ደቡቡ ለግራ፣ ሰሜኑ ለቀኝ።

እንግዲህ በ1790 ሁለቱ በአንድ ዴፓርትማ ውስጥ ታሰሩ። ድንበሩም በነበረበት አልረጋም። አውሬው ብዙ የተመላለሰበት የሶግ አካባቢ ወደ ሰሜን ጎረቤቷ ኦት ሏር ሄደ፤ በምትኩ ቪልፎርና ሜሩዌ ከደቡብ ተጨመሩ። ዴፓርትማዋ በሰባት ወረዳ ተከፈለች። ስሟም በከፍተኛ ተራራዋ፣ 1,699 ሜትር በሚደርሰው በሎዜር ተራራ ሆነ። ዋና ከተማነቱ እንደ ጥንቱ በማንድና በማርቬዦል መካከል ይፈራረቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ማንድ ጠቀለለችው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አስተዳደር ከታች በተመረጡ ሰዎች የሚመራ፣ ደካማና የተበጣበጠ ነበር። ናፖሊዮን ሥልጣን በያዘ በሦስት ወሩ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1800 በወጣ ሕግ፣ በእያንዳንዱ ዴፓርትማ ላይ ከፓሪስ የሚሾም አንድ ፕሬፌ አስቀመጠ። ሰባቱ የሎዜር ወረዳዎች ወደ ሦስት፣ ወደ ማንድ፣ ማርቬዦልና ፍሎራክ ታጠፉ። ይህን ሕግ በምክር ቤት ፊት ቀርበው ካስረዱት አንዱ ከሎዜር መውጣቱ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ዣን አንትዋን ሻፕታል በ1756 ከማንድ አጠገብ በኖዣሬ መንደር የተወለደ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ወይን ጠጅ ሲጠመቅ ስኳር ጨምሮ አልኮሉን ማጠንከር ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሻፕታል የፕሬፌውን ሥርዓት ያስረዳው በሚያውቀው በሳይንሱ ነው፦ ትእዛዝ ከሚኒስትሩ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ዜጋ ድረስ ሳይቋረጥ በኤሌክትሪክ ፍጥነት ይወርዳል አለ። የሎዜርን የበረዶ ወራት ያየ ሰው እንዲህ ማለቱ ፈገግ ያሰኛል። በሚቀጥለው ዓመት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን ፕሬፌዎቹ እያንዳንዱን ዴፓርትማ አጥንተው ሕዝቡን፣ ሰብሉንና ሙያውን እንዲመዘግቡ አዘዘ።

ምን አገር ነው ታዲያ የሚመዘገበው? ሎዜር አራት ዓይነት ድንጋይ ናት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። በሰሜን ማርዥሪድ ግራጫ ግራናይት ነው፤ በምዕራብ ኦብራክ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ባዛልት ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኮስ የሚባሉት ደረቅ የኖራ ድንጋይ አምባዎች ይዘረጋሉ፤ በደቡብ ምሥራቅ ሴቬን ደግሞ እንደ ገጽ የሚገለጥ ሺስት አለ። ገበሬው ቤቱን የሠራው እግሩ ሥር ባገኘው ድንጋይ ስለሆነ ግድግዳውን አይቶ የት እንደቆመ ማወቅ ይቻላል። ሎት፣ ታርን፣ አልዬና ትሩዬር የሚባሉት ወንዞች ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ፤ አብዛኛው ውኃ ወደ አትላንቲክ፣ የቀረው በሴቬን በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። የሚያልፍ እንጂ የሚቀመጥ ነገር በሎዜር ብዙ አይደለም። የሚቀመጠው በረዶው ነው። በሎዜር ተራራ መንደሮች፣ ለምሳሌ በሰርቪዬስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖር ብቻውን የቆመ የደወል ግንብ ይገኛል። ውሽንፍር ሲነሣ የመንደሩ ሰው እየተፈራረቀ ደወሉን ይመታል፤ መንገድ የጠፋው ድምፁን ተከትሎ ይገባል። ይህ በመንግሥት ያልታዘዘ፣ ነዋሪው በራሱ ያቋቋመው አገልግሎት ነው። የቱሬ የአንድ ቀን ፈረስ እዚህ ሲደርስ ሒሳቡ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ በጃንዋሪ ከሴቬን ተነሥቶ ማንድ ለመድረስ ተራራ መሻገር ግድ ነበር።

ዴፓርትማው ከትእዛዝ ማውረጃነት ወደ አገልግሎት የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። ከፕሬፌው ጎን የተቀመጠው ጠቅላይ ምክር ቤት መጀመሪያ በሹመት፣ ከ1833 ወዲህ በምርጫ የሚቋቋም ሆነ፤ በ1848 ወንዶች ሁሉ መረጡት፤ የኦገስት 10 ቀን 1871 ሕግ ደግሞ እስከ 1982 ድረስ የኖረውን መልኩን ሰጠው። መንገድ፣ የተጣሉ ሕፃናት፣ ድሆችና የአእምሮ ሕሙማን በእሱ ኃላፊነት ወደቁ።

ስለ ሕሙማኑ ረዘም አድርጌ ልናገር። የ1838 ሕግ እያንዳንዱ ዴፓርትማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲኖረው፣ ካልሆነም ከሌላ ጋር እንዲዋዋል አስገደደ። ሎዜር በዚህ ቀድማ ተገኝታለች፤ ሳን ታልባን በሚባለው የማርዥሪድ መንደር ያለ አሮጌ የመኳንንት ግንብ በ1820ዎቹ የሕሙማን መጠለያ ሆኖ ነበር። ለመቶ ዓመት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀዝቃዛ፣ የተጨናነቀና የተረሳ ቦታ ሆኖ ቆየ። በ1940 ፍራንሷ ቶስኬል የተባለ የካታሎኒያ ሐኪም፣ ከስፔኑ አምባገነን ከፍራንኮ ሸሽቶ በፈረንሳይ የስደተኞች ካምፕ የቆየ ሰው፣ ወደዚያ ተወሰደ። በጦርነቱ ዓመታት በፈረንሳይ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ40 ሺህ በላይ ሕሙማን በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቁ። ሳን ታልባን ግን በረሃብ አላለቀችም። ሕሙማኑ ከግቢው እየወጡ ለገበሬው ሠሩ፤ ጉልበታቸውን በምግብ ለወጡ፤ የግቢው አጥር ፈረሰ፤ ሐኪም፣ አስታማሚና ሕመምተኛ በአንድ ማኅበር ተቀምጠው ስለ ቤቱ አስተዳደር መምከር ጀመሩ። የቶስኬል አሳብ ሲጠቃለል ሕመምተኛውን ለማከም መጀመሪያ ሆስፒታሉን ማከም ያስፈልጋል የሚል ነው። ገጣሚው ፖል ኤሉአር ከጀርመኖች ተሸሽጎ እዚያ ከረመ። በ1952 ደግሞ ፍራንዝ ፋኖን የተባለ የማርቲኒክ ወጣት ሐኪም ለልምምድ መጣ፤ በማግስቱ ዓመት ይዞት የሄደው ትምህርት በአልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ለሠራው ሥራ መነሻ ሆነው። ከፓሪስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያልወጣ ለውጥ ሰው ካነሰው ዴፓርትማ ሆስፒታል ወጣ።

እዚህ ላይ የሳን ሼሊ ዳፕሼ ተወላጅ የሆነውን ዶክተር ቴዎፊል ሩሰልንም ማንሣት ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ለገጠር አጥቢዎች ይሰጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ይሞታሉ። ሩሰል ያወጣውና በስሙ የሚጠራው የዲሴምበር 1874 ሕግ ሕፃናቱን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረገ። ከዚያ በኋላ ሎዜርን በሴኔት ለረጅም ዘመን ወክሏል። ዛሬ ሕፃናትን መጠበቅ የዴፓርትማዎች ዋና ሥራ ነው። በሎዜር ይህ የእንክብካቤ ሥራ ሌላ ቅርንጫፍ አወጣ፦ በ1955 አቤ ሉሲየን ኦዚዮል በማርቬዦል አካባቢ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ያቋቋሙት ማኅበር እየሰፋ ሄዶ ከዴፓርትማዋ ትላልቅ ቀጣሪዎች አንዱ ሆነ።

የሎዜር ታሪክ የደግነት ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 1939፣ ጦርነቱ ሳይጀመር፣ የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ለማይፈለጉ የውጭ ዜጎች ብላ የከፈተችው የመጀመሪያው ካምፕ ከማንድ ዳር፣ በሪዩክሮ ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የሴቶች ብቻ ሆነ፤ ከስፔን፣ ከጀርመን፣ ከፖላንድ የመጡ ፀረ ፋሺስት ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ታጎሩበት። ከልጆቹ አንዱ፣ ከካምፑ ማንድ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው አሌክሳንደር ግሮተንዲክ፣ በኋላ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ካምፑ በፌብሩዋሪ 1942 ተዘግቶ ሴቶቹ ወደ ብራንስ ተዛወሩ። የራቀና ሰው የማያየው ቦታ ለመንግሥት የሚመቸው ለበጎ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ሰዉ መሄድ የጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በ1851 ሎዜር ከ140 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። የሐር ትል በሽታ ሴቬንን መታ፤ ባቡር ወጣቱን ወደ ደቡብ ወይን እርሻዎች፣ ወደ ማዕድን ማውጫዎችና ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቀሩትን ወንዶች በላ። በ1926 ፓሪስ ወጪ ስትቀንስ ማርቬዦል የወረዳ መቀመጫነቷን (ንዑስ ፕሬፌክቱርነቷን) ተነጠቀች። በ1990 ነዋሪው 73 ሺህ ገደማ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ መጠነኛ ጭማሪ አለ።

በ1970 መንግሥት በዴፓርትማዋ ደቡብ ላይ ሌላ ድንበር አሰመረ፦ የሴቬን ብሔራዊ ፓርክ። ዋና ቢሮው በፍሎራክ ግንብ ውስጥ ነው። ከሌሎቹ የፈረንሳይ ብሔራዊ ፓርኮች የሚለየው እንብርቱ ውስጥ ጭምር ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት በመሆኑ ነው። ዩኔስኮ በ2011 ኮስንና ሴቬንን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም ዋናው ምክንያቱ የበግ እረኝነቱ የሠራው መልክዓ ምድር ነው።

ለዴፓርትማው ትልቁ ለውጥ የመጣው ማርች 2 ቀን 1982 ነው። በጋስቶን ደፌር ስም በሚጠራው ሕግ የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን ከፕሬፌው ወጥቶ ለተመረጠው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ተሰጠ። ዛሬ በማንድ ሁለት አለቆች አሉ፦ ፕሬፌው የመንግሥትን ሕግና ጸጥታ ይጠብቃል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የአረጋውያንን ድጋፍ፣ የሕፃናትን ጥበቃ፣ ኮሌዥ የሚባሉትን የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንጻ፣ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይይዛል። ከ2015 ምርጫ ጀምሮ ካንቶን የሚባሉት የምርጫ ክልሎች ከ25 ወደ 13 ተቀንሰው ከእያንዳንዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንድ ሆነው ይመረጣሉ፤ ስለዚህ ከ26ቱ አባላት ግማሹ ሴቶች ናቸው።

በፓሪስ ግን ይህን ተቋም ለማፍረስ የማይታሰብበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በ2008 ዣክ አታሊ የመሩት ኮሚሽን ዴፓርትማዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ይጥፉ አለ። በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ማኑዌል ቫልስ የዴፓርትማ ምክር ቤቶች እስከ 2021 ድረስ እንዲወገዱ አሳብ አቀረቡ፤ ከዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ሥልጣናቸውን ቀነሰ እንጂ አላጠፋቸውም። ከመኪና ሰሌዳ ላይ የዴፓርትማ ቁጥር እንዲወገድ በታሰበ ጊዜ እንኳ የተነሣው ጩኸት ቀላል አልነበረም፤ የሎዜሩ 48 ከሰሌዳው አልወረደም። ዴፓርትማዎቹ የተሸነፉበትም አለ። እያንዳንዱ ዴፓርትማ ቢያንስ ሁለት እንደራሴ ይኑረው የሚለው ደንብ በ2009 በሕገ መንግሥት ምክር ቤት ውድቅ ተደረገ፤ ምክንያቱም እንደራሴ ሰውን እንጂ መሬትን አይወክልም። ከ2012 ጀምሮ ሎዜር ያላት አንድ እንደራሴ ነው። ሚራቦ ከሁለት ምዕት ዓመት በኋላ ረታ ማለት ነው። በ2016 ክልሎች ሲዋሐዱ ደግሞ የክልሏ መዲና ከሞንፔሊዬ ወደ ቱሉዝ ራቀች።

በውክልና ጉዳይ ሚራቦ ልክ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። በአገልግሎት ጉዳይ ግን እኔ ከቱሬ ጋር ነኝ። በኮስ ሜዣን አምባ ላይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊት የምትጎበኝ ረዳት ግን ያው ሃያ ኪሎ ሜትር መንዳት አለባት። የሰው ቁጥር ብቻ የሚያይ በጀት ይህን ኪሎ ሜትር አያይም። ዴፓርትማውን አፍርሰን ለክልሉ እንስጠው የሚሉት ሰዎች ቱሉዝ ተቀምጦ የዚያችን መንገድ በረዶ የሚያስጠርግ ማን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልነገሩንም።

ሎዜርን ማየት ለሚሻ የሚታይ ነገር አይታጣም። የታርን ሸለቆ ከአምባዎቹ 400 እስከ 600 ሜትር ወርዶ ለሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። አቨን አርማን የተባለው ዋሻ በ1897 ሉዊ አርማን በሚባል ቀጥቃጭ የተገኘ ነው፤ ውስጡ 30 ሜትር የሚደርስ ከመሬት የበቀለ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። በዦንት ሸለቆ ላይ ጠፍተው የነበሩት ጥንብ አንሣዎች ከ1981 ጀምሮ ተመልሰው ዛሬ በሰማዩ ይዞራሉ፤ ፕርዤቫልስኪ ከሚባሉት የዱር ፈረሶችም አንዳንዶቹ ከኮስ ሜዣን ተነሥተው ወደ ሞንጎሊያ ተመልሰዋል። በማንድ ካቴድራል፣ የአገሩ ልጅ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን አምስተኛ ባስጀመሩት፣ በ1579 በገና ሌሊት ከተማዋን የያዘው የፕሮቴስታንቱ ካፒቴን ሜርል ለመድፍ ያቀለጠው የታላቁ ደወል ምላስ ብቻ ቀርቶ ይታያል። በእግር መሄድ የሚወድ ሰው፣ ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1878 ሞደስቲን ከምትባል አህያው ጋር የተጓዘበትን መንገድ ይከተላል፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አህያ ተከራይቶ ነው የሚሄደው። ሲርብ በኦብራክ አሊጎ አለ፤ የተፈጨ ድንች ከትኩስ አይብ ጋር እስኪሳብ የሚማሰልበት ምግብ ነው። ከፓሪስ ወይም ከሞንፔሊዬ የሚመጣ መኪና የሎዜርን ምዕራብ በሚያቋርጠው ኤ75 አውራ ጎዳና ይገባል። ከጎዳናው ወጥታችሁ ወደ መንደሮቹ ስትታጠፉ ግን የምትነዱት በዴፓርትማው መንገድ ላይ ነው፤ በጃንዋሪ ተጠርጎ ካገኛችሁትም የጠረገው እሱ ነው።